የናናው አማና

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከኛ ቤት ጀርባ ያለው ተዳፋት ድሮ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ሰው ሁሉ ይጥልበታል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ «ኧረ ይሄን የሚጥለው የማን ባለጌ ነው?» ይላል። አንድ ሰሞን ዘመቻ ተባለና ተጠረገ፣ አፈሩ ተደለደለ፣ አጥር ታጠረ፣ ለየቤቱም አንዳንድ መደብ ታደለ። መደብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ቢጋደምበት እግሩ የሚተርፍ የአፈር ቁራጭ ነው። ጎመን የፈለገ ጎመን፣ ካሮት የፈለገ ካሮት ይተክልበታል፤ ውሃው በሩ አጠገብ ካለችው ቧንቧ በጀሪካን ይቀዳል። ታዲያ ገና አንድ የቆስጣ ቅጠል ብቅ ሳይል ኮሚቴ በቀለ። ኮሚቴው፣ ማሻአላህ፣ ፍግም ውሃም አልጠየቀም። በየእሁዱ ሻሂ ካገኘ ይበቃዋል፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደለመለመ አለ።

የኛን መደብ ልይዝ የነበርኩት እኔ ነኝ። ወላሂ ከልቤ ነበር። «ከሱቅ ስመለስ አፈር ነካ ነካ አደርጋለሁ፣ ጭንቀቴም ይለቀኛል» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼ ነበር። ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስዘረጋ ስጠቀልል ውዬ ማታ ባጃጅ ውስጥ ስገባ፣ እኔ አፈር የምነካው ሲቀብሩኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ ይተኛል፣ ሲነቃ ይሄዳል። ስለዚህ መደቡ የልጄ ሆነ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ የተረተው ሰው ልጄን ስላላወቃት ነው እንጂ ሦስተኛ አድርጎ ይጨምራት ነበር። ካሮት ተከለች። ካሮቱ አልበቅልም ሲላት እንደገና ተከለች። ሦስተኛ ስትተክል ካሮቱ እጅ ሰጥቶ በቀለ።

ከኛ መደብ ቀጥሎ፣ በሩና ቧንቧው አጠገብ ያለው መደብ የአንድ ሽማግሌ ነበር። ሰፈሩ «ሐጂ» ይላቸዋል። አያታቸው ከየመን የመጡ ነጋዴ ናቸው ይባላል፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ነግደው፣ ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ስለ እርሻ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ጥጥ ከመሬት እንደሚበቅል ነው፤ እሱንም ሰው ነግሯቸው ይመስለኛል። ጎመናቸው ጡጫ ሲያህል እድገቱን ጨርሻለሁ ብሎ ይቆማል። ቀንድ አውጣ ሲበላባቸው ዱላቸውን ተደግፈው «አንተ አላህን አትፈራም?» እያሉ ይመክሩታል። እጃቸው ላይ የለማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሻሂያቸው ብለው የተከሉት ናና።

ናና ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንዴ ሥር ከያዘ ማንም አያቆመውም፤ ባፈር ሥር ሾልኮ ጎረቤት ይገባል። ልጄ ካሮቷ መሃል ብቅ ባለ ቁጥር ወገቧን ይዛ ትቆማለች።

«አባባ፣ ናናዎ መጥቷል!»

«ሸሪኬ፣ እንግዳ ነው። እንግዳ ይባረራል?»

«እንግዳ'ኮ ሦስት ቀን ነው።»

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«መድረሳ፣ ሸኹ።»

«ሸኹ ስለ ሰው ነው የነገሩሽ፤ ስለ ናና አልነገሩሽም» ይሏታል። እሷ መልስ አታጣም፣ እሳቸውም አይሰለቹም፤ እስኪመሽ ይከራከራሉ። «ሸሪኬ» የሚሏት የንግድ ሸሪካቸው አድርገዋት ነው። የሚሸጥም የሚለወጥም ነገር ባይኖራቸውም ሽርክናው የምር ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድንጋያቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል፤ የቀረች ቀን ቤት ድረስ መጥተው «ሸሪኬ አመማት እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። አባቷ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ለሚከርም ልጅ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ በደንብ የገባኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ የደሴ ብርድ ጉልበታቸው ውስጥ ገባ። ክረምቱ አልፎ ጦሳ ተራራ ላይ ያለው ጉም እንኳ ሲነሳ የሳቸው ጉልበት አልነሳ አለ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደቡ ላይ የሚሠራ ልጅ አላቸው፤ እሱ መኪና ይዞ መጣና «አባባ፣ ቆላ ወርደህ ጉልበትህን ታሞቃለህ» አለ። ልብሳቸው ተጫነ፣ ሳጥናቸው ተጫነ፣ ፍራሻቸው ተጫነ። ለልጄ ሰፈሩ ሁሉ «ለጥየቃ ነው የሚሄዱት፤ ሲሻላቸው ይመለሳሉ» አላት። ኧረ እባካችሁ! ፍራሽ ጭኖ ለጥየቃ የሚሄድ ማን አለ? ግን ማንም ደፍሮ ሌላ ነገር አልነገራትም።

የሄዱ ዕለት እኔ መኪናው ጋ ጥቅልል እያቀበልኩ ነበር። ሐጂ ልጄን ይዘው ወደ መደቡ ሲገቡ፣ በዱላቸው ወደ ናናው ሲያመለክቱ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ሲሏት ከሩቅ አየሁ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ማታ እራት ላይ ልጄ እጇን ሳትታጠብ አስታወቀችን።

«አባባ መደባቸውን አማና ሰጥተውኝ ሄዱ።»

አማና በኛ አገር ቀልድ አይደለም። ሰው ዕቃውን ሱቅህ አስቀምጦ ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ ሲመለስ አቧራው ሳይቀር ቦታው ላይ ያገኘዋል። ክርስቲያኑ ጎረቤቴም አደራ ይላል፤ ቃሉ ይለያይ እንጂ የሚያስፈራው እኩል ነው። ስለዚህ «ጎበዝ፣ ጠብቂላቸዋ» አልኳት። ምን ልበል ታዲያ?

«አማና ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ይመለሳል» አለች። «ዕቃውን ጥሎ አይቀርም። አይደል እማ?»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። እናቶች ኢንሻአላህ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ፤ እሷ ግን ያን ዕለት እንዳላወቀች ሆነች።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ጀሪካን አንጠልጥላ የሐጂን መደብ ልታጠጣ ትወርዳለች። ልብ በሉ፤ የምታጠጣው ናና ነው። በመርዝ ቢታጠብ የማይሞት ናና! ትኮተኩትለታለች፣ ድንጋይ ትለቅምለታለች፣ ዳር ዳሩን በጠጠር ታጥርለታለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ትደግመዋለች። የራሷ ካሮት በመሃሉ ጠወለገ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ አረም ዋጠው።

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ? የራስሽ እየደረቀ የሰው ታጠጫለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«የኔ'ኮ አማና አይደለም።»

ምን ይባላል? እኔ ሱቅ ውስጥ ስንቱን ተከራካሪ አፉን አስይዤ የምልክ ሴት ጀሪካኑን አንስቼ አቀበልኳት።

ይባስ ብሎ ከናናው ቅንጣት አታስነካም። ሰው ሻሂ ሲያፈላ «እስቲ አንድ ዘለላ» ብሎ ቢጠይቅ «ባለቤቱ የለም» ትላለች። ናናው ጉልበት ድረስ አድጎ በሩን ሊዘጋ ደርሶ፣ እኔ እናቷ እንኳ ከገበያ ገዝቼ ነበር የምጠጣው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሚስት መጥታ ለምና ባዶ እጇን ተመለሰች። እኔ ያን ቀን ነው ነገር እንደሚመጣ ያወቅሁት።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ልናገርለት ይገባል። ስብሰባ ይወዳል፤ በቃ። ሌላው ጫት እንደሚወደው እሱ አጀንዳ ይወዳል። አንድ እሁድ ሁላችንንም አትክልቱ መሃል አቁሞ «የአትክልት ቦታችንን ጉዳይ የምንመክርበት ቦታ የለንም» አለ። «በፀሐይ እንቃጠላለን፣ በዝናብ እንደበደባለን። ስለዚህ በሩ አጠገብ ያለው የሐጂ መደብ ባለቤቱ ስለለቀቀው፣ እሱ ላይ ቆርቆሮ መጠለያ ሠርተን አግዳሚ ወንበር ብናደርግበትስ?» ስለ አትክልቱ ለመሰብሰብ አትክልቱን ልንነቅል ነው ማለት ነው። ሰዉ እጁን አወጣ። ለነገሩ የኛ ሰፈር ሰው እጅ ለማውጣት አይሰስትም፤ ሻሂው ቶሎ እንዲመጣ ይፈልጋል። እኔ እጄን አላወጣሁም፤ አላወጣሁም እንዳይባል ግን ሻሼን አስተካከልኩ።

ልጄ ከሰዉ እግር መሃል ወጥታ ናናው ፊት ቆመች።

«አይቻልም» አለች። «አማና ነው።»

ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «እሰይ የኔ አንበሳ። ግን ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ አዋቂ ሲነጋገር ልጅ ያዳምጣል» አላት።

ከኋላ አንዲት ባልቴት «ተው አንተ ሰው! አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው። አደራ በላ እንዳትባል» አሉት። ሰብሳቢው ፊቱ ተለዋወጠ። አደራ በላ ተብሎ በደሴ ከተማ ማን ይኖራል? ቤት እንኳ የሚያከራየው አያገኝም። ሰዉም ያወጣውን እጅ አንድ በአንድ ወደ ኪሱ መለሰ። ሰብሳቢው ግን ስብሰባ የመራ ሰው ነውና መውጫ አላጣም።

«መልካም። ሐጂ አማናውን ሲሰጡሽ ምን አሉሽ? እስቲ ቃል በቃል ንገሪን።»

ልጄ ትምህርት ቤት ግጥም እንደምታነብ ቀጥ ብላ ቆመች። «ዱላቸውን ናናው ላይ አደረጉና፣ ‹በይ ሸሪኬ፣ ፊ አማኒላህ› አሉኝ» አለች።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ባልቴቷ እንኳ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ፊ አማኒላህ ማለት ‹በአላህ ጥበቃ ሁኚ› ማለት ነው። ስንብት ነው። እኛ ቤት ስልክ ሲዘጋ ይባላል፣ ሱቅ ሲወጣ ይባላል፤ ባሌ መኪናውን ሊያስነሳ በወጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ለልጁ የሚላት ይህንኑ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህቺ መድረሳ አንደኛ የምትወጣ ልጅ፣ ከእንቅልፏ ብትቀሰቀስ የምታውቀውን ቃል እንዴት ብላ ነው የሳተችው?

«ልጄ፣ እሱ'ኮ ቻው ማለት ነው» አላት ሰብሳቢው፣ እንባውን እየጠረገ።

ጆሮዋ ቀላ፤ ከናናው ፊት ግን ንቅንቅ አላለችም። ወደ ሸኹ ዞረች። መድረሳ የሚያስተምሯት እሳቸው ናቸው፤ ጥግ ላይ ቆመው ነበር፤ ሳይስቁ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ሸኽ፣ ቃሉ ውስጥ አማና አለበት ወይስ የለበትም?»

ሸኹ ረዘም አድርገው አዩዋት። ጢማቸውን አሻሹ። «የቃሉ ሥር አንድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ተናጋሪው በሕይወት እያሉ ደግሞ ምን ለማለት እንደፈለጉ እኛ አንፈርድባቸውም። ኮምቦልቻ ባሕር ማዶ አይደለም። ይጠየቁ።»

ኮሚቴው እስከሚቀጥለው እሁድ ጊዜ ሰጠን። ለጥየቃውም አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ እኔና ልጄ ነን፤ ሻሂ ግን አልተመደበልንም።

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ወረድን። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አድራ «ባለቤቱ ጋ ስለምሄድ መቁረጥ ይቻላል» ብላ ፈርዳ፣ አንድ እቅፍ ናና ቆርጣ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን ይላል፣ ሙቀቱ ይመጣል፤ ሹራቤን አወለቅሁ። በመንገድ ላይ ፊቴን ሳዘጋጅ ነበር። ሽማግሌ ከሰፈሩ ተነቅሎ፣ ሰው ቤት፣ መስኮት ሥር ኩርምት ብሎ፣ አገሬን እያለ... ያየሁት ይህ ነበር። የምላቸውን የማጽናኛ ቃል ሁሉ አሰናድቻለሁ። ልጄንም «ሲያለቅሱ አብረሽ እንዳታለቅሺ» ብዬ መከርኳት።

ደረስን። ሐጂ ግቢ ውስጥ ፓፓያ ዛፍ ሥር ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር ዳማ እየተጫወቱ፣ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ወፍረዋል! ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ዱላቸው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ኧረ ሸሪኬ! ኧረ ማንን ነው የማየው! አልሐምዱሊላህ!» ብለው ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ድምፅ እንኳ አላሰማ። ምሳ ቀረበ፣ ማንጎ ቀረበ። እሳቸው የኮምቦልቻን ሙቀት ሲያሞግሱ፣ የመስጊዱን ሰው ሲያሞግሱ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሲያሞግሱ እኔ ተናደድኩ። ሰው በሰው ጤና ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ። ቢያንስ ትንሽ እንኳ አይቆዝሙም? ለይስሙላ?

የልጄ ዓይን ግድግዳው ሥር ነው። እዚያ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ናና ተተክሏል፤ አዲስ ናና፣ ጠዋት ውሃ የጠጣ። አየችው። ከዚያ ይዛው የመጣችውን ጥቅል ቀስ ብላ ከጀርባዋ ደበቀችው። የሰበሰብኩት ቁጣ ሁሉ ወዴት እንደገባ አላውቅም፤ አቅፌያት ይዣት ልሮጥ ነበር የፈለግሁት።

የመጣንበትን ጉዳይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። መደቡን፣ መጠለያውን፣ አማናውን፣ ሁሉን።

«እኔ? አማና?» አሉ ሐጂ፤ ግራ ገብቷቸው። ልጃቸው ሳቀ። «አባባ እዚሁ ነው የሚኖረው'ኮ። ደሴ ምን ቀርቶት? ቤቱንም አከራይተነዋል» አለ። ሐጂ በዓይናቸው ተቆጡት፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

ልጄ ቀና ብላ እሳቸውን ብቻ አየች።

«አይመለሱም ማለት ነው?»

ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲለኩ ስንዝር አጉድለው አያውቁም፤ ይህን የደሴ ገበያ ሁሉ ይመሰክራል። ውሸት ቢያውቁበት ኖሮ ያን ቀን ይዋሹ ነበር መሰለኝ፤ አፋቸው ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ።

«አልመለስም ሸሪኬ» አሉ።

ልጄ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ የእንባዬን ምክንያት በማንጎው ላይ ያላከክሁት። «እንግዲያው አማናዎን ይረከቡኝ» አለች። «አማና ደግሞ ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚረከቡት። መሬት ነው፤ ተሸክሜው አልመጣም።»

«ልጅት፣ ዛሬ እንዴት ይሆናል? ያ ብርድ እንደገና ጉልበቱን ሊገድለው ነው'ኮ» አለ ልጃቸው። «በስልክ ይንገራቸው። ተረክቤያለሁ ይበል፣ ያልቃል።»

ሐጂ ዳማውን ገፋ አደረጉት። «ካፖርቴን አምጡልኝ» አሉ። «ሳይመሽ እመለሳለሁ።»

ሽቅብ ስንወጣ ሐጂ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ደሴ ስንደርስ ጉም ወርዶ ጠበቀን። አትክልቱ ቦታ ስንገባ ደግሞ፣ ሱብሐነላህ፣ ሰብሳቢው ከሁለት ሰዎች ጋር የሐጂ መደብ ላይ ሜትር ዘርግቶ ለመጠለያው ምሰሶ እየለካ ነው። እሁድ እስኪደርስ አላስቻለውም። ሐጂን ሲያይ ሜትሩን ወደ ኪሱ ሊከት ሞከረ፤ ሜትሩ ግን ረጅም ነው፣ ግማሹ ኪስ ገባ፣ ግማሹ ናናው ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ልጄ መደቡን አስረከበች። ከዳር እስከ ዳር አብራቸው ሄደች። «ይሄ ጠጠር የኔ ነው፣ የቀረው የርስዎ ነው። ከዚህ ጥግ ዛሬ ጠዋት አንድ እቅፍ ቆርጬያለሁ፤ ለርስዎ ነው የቆረጥኩት።» ያን ጊዜ ጥቅሉን ሰጠቻቸው። ሐጂ ተቀበሉ። ናናውን ጉልበታቸው ድረስ ቆሞ ሲያዩት፣ እንደዚያ ያማረ ነገር በሕይወታቸው እንዳላበቀሉ ገባቸው መሰለኝ።

«ተረክቤያለሁ» አሉ። «ሳይጎድል ተረክቤያለሁ። አላህ ይቀበልሽ።»

በቃ፣ አሁን ‹ላንቺ ሰጥቼሻለሁ› ይሏታል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምን ይባላል? ናናውን በየትኛው ብርጭቆ እንደምጠጣው ሁሉ ወስኜ ነበር። ሐጂ ግን ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «መሬቱ የሰፈር ነው፤ ለሰፈሩ መልሻለሁ» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ደንቡም እንደዚያ ነው፣ ለአንድ ቤት አንድ መደብ። ትክክለኛ ሰው እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም። ሰብሳቢው ደስታው ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ደርሶ፣ ለመጠለያው የምረቃ ስብሰባ ሐጂን በክብር እንግድነት ሲጋብዝ ሰማሁት።

ልጄን ጠበቅሁ። ትጮኻለች፣ ናናው ላይ ትወድቃለች፣ ኮሚቴውን ትሰድባለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔም ልሳደብላት ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ወደ ራሷ መደብ ሄዳ፣ የደረቁት ካሮቶች አጠገብ ቁጢጥ ብላ አረም መንቀል ጀመረች። ያ ሁሉ ሙግት እንዳልነበረ።

ሐጂ ተከተሏት። ጉልበታቸው እያንቋቋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ብርዱ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ሥራውን ጀምሯል።

«ሸሪኬ፣ እንግዳ ሦስት ቀን መሆኑን የምታውቂ ልጅ፣ ፊ አማኒላህ ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም ነበር?»

አረሙን ሳብ አደረገች። ሥሩ አልወጣም አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«ቻው ማለት ነው። አባቴ ሁልጊዜ ይለኛል።»

ሰብሳቢው ወሬውን አቆመ። እኔም ቆምኩ። እሷ ግን ለኛ አልነበረም የምትናገረው፤ ቀና እንኳ አላለች።

«ቻው ካሉኝ አይመጡም» አለች። «አማና ካሉኝ ግን የግድዎን ይመጣሉ።» አረሙ ከነሥሩ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ፤ አፈሩን አራገፈችው። «መጡ'ኮ ይኸው።»

ሐጂ ናናውን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ቀሩ። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ስልካቸው ጮኸ፤ ልጃቸው ነበር፣ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ብሎ። አላነሱም። ደግሞ ጮኸ። አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉልኝና «‹ዛሬ እዚህ ያድራሉ› በይልኝ» አሉ።